የጁሙዓ ማስታወሻ፦ መልስ ያጣው ደብዳቤ

 

በዚህ ሳምንት አንድ ወረቀት ለማስፈረም ለአራተኛ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ሁለተኛው ቀን ሲስተም የለም ተባለ። በሦስተኛው ፋይሌ አልተገኘም። በአራተኛው ቀን ቢሮው ጭራሽ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ንዴቴን መዋጥ አቃተኝና በር ላይ በተቀመጡት የጥበቃ አባት ላይ ጮኽኩባቸው። እሳቸው ፋይሌን አልደበቁም፣ ፊርማም ማኅተምም የላቸውም። ቀና ብለው አዩኝና ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ይህን የምነግራችሁ እናንተም ስለምታውቁት ነው። መታወቂያ ለማደስ፣ የልደት ካርድ ለማውጣት፣ የሥራ ፈቃድ ወይም የመሬት ጉዳይ ለማስጨረስ ያልተመላለሰ ማን አለ? እዚህ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ያለን ሰዎች እንኳ በእግራችን ሄደን በእግራችን እንመለሳለን። ከጉና ሥር በሌሊት ተነስቶ የሚመጣው ገበሬስ? ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከእብናት የመኪና ከፍላ መጥታ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ የምትውለው እናትስ? እሷን ነገ ነይ ማለት የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም። የመሳፈሪያ፣ የማደሪያ፣ የቀረ የእርሻ ሥራ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ነገር ቋንቋችን የራሱ ስም አለው፤ ደጅ ጥናት እንለዋለን። ቃሉ የተወለደው በጌቶች በር ላይ ነው። ደብረ ታቦርን መናገሻ ያደረጓት ራስ ጉግሣ ናቸው። ከእስልምና ቤት የመጣው የየጁ ሥርወ መንግሥት አባል ነበሩ። እሳቸውም ሆኑ ከእሳቸው በኋላ የመጡ ገዢዎች በዚህች ከተማ ሲቀመጡ፣ ሹመት ፈላጊውም ፍርድ ፈላጊውም በደጃቸው ቆሞ ይሰነብት ነበር። ደጁ ተቀየረ እንጂ ጥናቱ እስከ ዛሬ አለ።

ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ግን ራሱ ንጉሥ ሆኖ ደጅ ስለጠና ሰው ነው። መልስ በማጣት ስለተቃጠለ፣ ቃጠሎውም ለሌላ ስለተረፈ ሰው። ስማቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። አፄ ቴዎድሮስ ለእኛ ለሙስሊሞች የተመቹ ንጉሥ አልነበሩም። ሙስሊም ተገዢዎቻቸው ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ጫና አድርገዋል፤ በወሎ ላይ ያካሄዷቸው ዘመቻዎችም ጨካኝ ነበሩ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን አላህ በሱረቱል ማኢዳህ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንድንተው እንዳያደርገን አዞናል። ስለዚህ ታሪካቸውን ሳንጨምር ሳንቀንስ እናንሣው፤ የተበደሉበትንም የበደሉበትንም።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ከእናቱ ጋር ችግር አይቷል። ጠላቶቹ በኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። የሚገባኝን ተነፈግሁ ብሎ ሸፈተ፣ ጭፍራ አበዛ፣ ከታላላቆቹ ጋር ተጋጠመ። ከደብረ ታቦር ሆነው አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ ዓሊ ሊያባብሉት ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። እሱ ግን ለትንሽ አልተፈጠረም። በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማቱን ራስ ዓሊን ድል አደረገ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ውቤን ካሸነፈ በኋላ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

አዲሱ ንጉሥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ተስፋ ሰጥተው ነበር። ሽፍታውን ለማጥፋት፣ የባሪያ ንግድን ለመከልከል፣ ወታደሩም የገበሬውን ጎተራ ከሚያራቁት ደመወዝ እንዲቆረጥለት ሞክረዋል። በዘመኑ ያዩዋቸው ሰዎች እንደጻፉት የድሃን አቤቱታ ራሳቸው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዟት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ንጉሡ አንድ ትልቅ ሕልም ነበራቸው፤ ከአውሮፓ የእጅ ጥበብና መሣሪያ ማምጣት። የባሕሩን በር ግን ቱርክና ግብፅ ይዘውታል። ስለዚህ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነት እንደሚፈልጉ ገለጹ፤ ስለ ቱርኮችም ከሰሱ። በደብዳቤው ስለ እስልምና ያሰፈሩት ለጆሯችን የሚጥም አይደለም። ዋና ጥያቄያቸው ግን ቀላል ነበር። መልእክተኞቼን ወደ አንቺ ልልክ እፈልጋለሁ፣ በደኅና የሚያልፉበትን መንገድ አመቻችልኝ የሚል ነው። ደብዳቤውን ለእንግሊዙ ቆንስል ለካሜሮን ሰጡት። ካሜሮን ራሱ ይዞት አልሄደም፤ በሰው ላከውና እሱ ወደ ሱዳን ጠረፍ አቀና።

ደብዳቤው በየካቲት 1855 ዓ.ም. ለንደን ደረሰ። አሁን የሆነውን ተመልከቱ። በጊዜው ውጭ ጉዳዩን የሚመሩት ጆን ራስል ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤውን ተቀበለ፣ አየው፣ ከፋይል ጋር አስቀመጠው። በቃ። እንቢ የሚል መልስ አልተጻፈም፣ እሺ የሚልም አልተጻፈም፣ ደርሶናል የሚል እንኳ አልተጻፈም። እንግሊዝ በዚያ ወቅት ከቱርክ ጋር መጣላት አትፈልግም ነበር፤ ስለ ሩቅ ተራራማ አገርም ብዙ ግድ አልነበራትም። ማንም ተቀምጦ ክፋት አልዶለተም። ደብዳቤው ግን ማንም የእኔ ሥራ ነው ሳይለው ቀረ።

ይህ የምታውቁት ነገር አይደለም? ያ ማመልከቻችሁ ጠረጴዛ ላይ አቧራ ሲጠጣ ብዙ ጊዜ የጠላችሁ ሰው የለም። የያዘው ሰው ግድ አልሰጠውም እንጂ።

ንጉሡ ጠበቁ። ወር አለፈ፣ ክረምት አለፈ፣ ዓመት ሞላ። ካሜሮን ተመለሰ፤ መልስ ግን አልያዘም። በኋላም ከለንደን ፖስታ መጣ፤ በውስጡ ለንጉሡ የሚሆን አንዲት መስመር አልነበረችም። ኩሩ ሰው ነበሩ። ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ ማንም በእሳቸው ቦታ ቢሆን ይህ ስሜት ሊመጣበት ይችላል። በ1856 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ካሜሮንን በሰንሰለት አሰሩት። ከእሱም ጋር ሚሲዮናውያን ታሰሩ። ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ የከተቱት ሰዎች ለንደን ውስጥ እሳት እየሞቁ፣ እግረ ሙቅ የገባው ሌላ ሰው እግር ነው።

አባቶቻችን ይህን በአንድ አባባል ጨርሰውታል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ። እኔም በዚህ ሳምንት ዳውላውን ነው የመታሁት።

ቆንስሉ ሲታሰር ለንደን ነቃች። በግንቦት 1856 ዓ.ም. በንግሥቲቱ ፊርማ መልስ ተጻፈ፤ ይዞ እንዲሄድም ሞሱል የተወለደው ሆርሙዝድ ራሳም ተመረጠ። ራሳም ምፅዋ ደርሶ ለመግባት ፈቃድ ጠየቀ። አሁን ደግሞ የሚገርመውን ስሙ። አፄ ቴዎድሮስ ለአንድ ዓመት ገደማ መልስ አልሰጡትም! በዝምታ የቆሰሉት ንጉሥ ራሳቸው በዝምታ አቆሰሉ። እስረኞቹም ያንን ዓመት በሰንሰለት ቆጠሩት።

ራሳም ንጉሡ ፊት የደረሰው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ደብዳቤው ከተጻፈ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። ንጉሡ በክብር ተቀበሉት፣ እስረኞቹንም ፈቱ። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ግን አንዴ የተሰበረ አደራ በወረቀት ብቻ አይጠገንም። ጥቂት ወራት ሳይቆዩ ጥርጣሬ ገባቸውና ራሳምን ራሱን ጨምረው መልሰው አሰሩ። ሰዎቹ ወደ እኛው ደብረ ታቦርና ጋፋት መጡ፤ ከዚያም ወደ መቅደላ አምባ ተወሰዱ።

ከከተማችን ወጣ ብላ ያለችውን ጋፋትን ታውቋታላችሁ። ንጉሡ አውሮፓውያን ባለ እጆችን አስቀምጠው መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። የአገሬው ሰው ስለ እሱ ሲያወራ በኩራት ነው፤ ኩራቱም ምክንያት አለው። ግን በዚያው ዘመን የበጌምድር ገበሬ ምን ላይ እንደነበረ አብረን እናስታውስ። አገሩ በየአቅጣጫው ሸፍቶ ግዛታቸው ተሸርሽሮ ነበር። ደመወዝ ሊቆረጥለት የታሰበው ወታደር አሁን የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነው። ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች። በጌምድር ውስጥም መንደሮች ነደዱ፤ በዚህ የተጎዳው በአብዛኛው የንጉሡ ሃይማኖት ተከታይ የሆነው ክርስቲያን ገበሬ ነው። ዙልም ሲጀምር በአንድ በር ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን የማንን ቤት እንደሚያፈርስ አይመርጥም።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወጡ። ያንን መድፍ ሰው እየጎተተው፣ ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተቆፈረ በጋይንት፣ በዋድላ፣ በደላንታ አድርገው መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በሌላ በኩል ጄኔራል ናፒየር ከ13,000 በላይ ወታደርና መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ይዞ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ያ ዘመቻ እንግሊዝን ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ አስወጣት። ለአንድ ደብዳቤ መልስ ለመጻፍ ግን አንድ ወረቀትና ጥቂት ቀለም ይበቃ ነበር።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚሰብረው የመጨረሻው ሳምንት ነው። ሚያዝያ 2 ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ መቅደላ ሥር እስላምጌ በተባለው ሜዳ ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ነበሩ። ርቧቸዋል፣ ጠምቷቸዋል። ወደ ንጉሣቸው አቤት ብለው ጮኹ፤ የለመኑት እንጀራና ውሃ ነው። ንጉሡ ጩኸቱን እንደ ድፍረት ቆጠሩት። ወጥተው አስገደሏቸው፤ ብዙዎቹን ወደ ገደል አስወረወሯቸው። ያ በንግሥናው መጀመሪያ የድሃን አቤቱታ ራሱ ተቀምጦ ይሰማ የነበረው ጆሮ፣ በመጨረሻው የራሱን ወገን የረሃብ ጩኸት መስማት አቃተው። አውሮፓውያኑን እስረኞች ግን በሰላም ለቀቋቸው።

በማግሥቱ ዓርብ እሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ። መሣሪያው የማይመጣጠን ነበርና ሠራዊታቸው አለቀ። ያ ሁሉ የተደከመለት ሴባስቶፖልም አልጠቀማቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች አምባውን ሰብረው ሲገቡ አፄ ቴዎድሮስ እጅ ላለመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። መቅደላ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ትንሹ ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደና በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ።

ሱብሓነሏህ! የአንድ መሥሪያ ቤት ግዴለሽነትና የአንድ ሰው ቁጣ ተገናኝተው ያደረሱትን አያችሁ?

እንግዲህ ከዚህ ምን እንያዝ?

በወረፋ ላይ ያላችሁ ወንድም እህቶቼ፣ ንዴታችሁ ሐሰት አይደለም። ተበድላችኋል። እስልምናም ሐቃችሁን ተዉት አይላችሁም። ሶብር ማለት አፍን ዘግቶ መቀመጥ አይደለም፤ በትክክለኛው በር ጸንቶ ማንኳኳት ነው። ማመልከቻችሁን በጽሑፍ አስገቡ። የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ያዙ። መልሱ መቼ እንደሚሰጥ ጠይቁና ጻፉት። ካልሆነ ወደ ቅሬታ ሰሚው፣ ከዚያም ወደ በላይ ኃላፊው ሂዱ። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሥራው እንዲህ ያለውን አስተዳደራዊ በደል መመርመር ነው፤ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ፊደል የማያነቡ አባት አጠገባችሁ ቆመው ካያችሁ ማመልከቻቸውን ጻፉላቸው። እሱ ራሱ ሰደቃ ነው።

ለሻይ እያሉ ለሚጠይቋችሁ ግን እጃችሁን አትዘርጉ። ጉቦ ወረፋውን አያሳጥርም፤ መክፈል የማትችለዋን እናት ወደ ኋላ ይገፋታል እንጂ።

ቁጣችሁንም ጠብቁት። አላህ ማንም ነፍስ የሌላዋን ኃጢአት እንደማትሸከም በቁርኣኑ ነግሮናል። ስለዚህ የኃላፊውን ጥፋት ጥበቃው አይሸከም፣ የቢሮውን ጥፋት ቤት የምትጠብቃችሁ እናታችሁ ወይም ታናሽ ወንድማችሁ አይሸከሙ። መዝሉም የሆነ ሰው ዱዓው ከአላህ ዘንድ መጋረጃ እንደሌለው ረሱላችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም አስተምረውናል። ይህን የመሰለ በር የተከፈተለት ሰው፣ በዚያው ቀን ዛሊም ሆኖ ቢያመሽ ምንኛ ኪሳራ ነው!

ደግሞ ነገ ከጠረጴዛው ወዲያ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ አሁንም ተቀምጣችኋል፤ መምህር፣ ነርስ፣ መዝገብ ቤት፣ ገንዘብ ቤት። ረሱላችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም የሰዎች ጉዳይ ተሰጥቶት በሩን በችግረኛ ላይ የዘጋ ሰው፣ እሱ በሚቸገርበት ጊዜ አላህ የሰማይን በር እንደሚዘጋበት አስጠንቅቀዋል። ኸሊፋው ዑመር ረዲየላሁ ዐንሁም ለሹማቸው ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ሲጽፉ የዛሬን ሥራ ለነገ እንዳያሳድር፣ ሥራ ሲከማች ብዙው እንደሚባክን መክረውታል። ከ1,400 ዓመት ገደማ በፊት የተሰጠ ምክር ነው፤ ዛሬ ጠዋት ለእኛ የተጻፈ ይመስላል።

ሁሉን ነገር መፍጠን ላትችሉ ትችላላችሁ። ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ የበላይ ይዘገያል። እውነቱን መናገር ግን ትችላላችሁ። የማይሆነውን ዛሬውኑ አይሆንም በሉት፣ የሚዘገየውን እስከ መቼ እንደሚዘገይ ንገሩት፣ ወንበር ስጡት። ለንደን የተቀመጠችው ያቺ ደብዳቤ እንቢ የሚል መልስ ብታገኝ ኖሮ ምናልባት ንጉሡ ተናደው ያልፉት ነበር። ሰውን የሚያቃጥለው እንቢታው ብቻ ሳይሆን፣ እንደሌለ መቆጠሩ ነው።

እኔ ደግሞ ትናንት አምስተኛ ጊዜ ሄጄ ነበር። ወረቀቴ እስካሁን አልተፈረመም። የሄድኩት ግን ለወረቀቱ ብቻ አልነበረም። የጥበቃውን አባት አፉ በሉኝ አልኳቸው። እጄን ያዙና መጀመሪያ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ ፈራሚው ሰኞ ጠዋት እንደሚገባ ነገሩኝ። በአምስት ቀን ምልልስ ውስጥ ትክክለኛ ቀጠሮ የሰጠኝ ሰው እሳቸው ናቸው።

ያ አላህ! የሰዎችን ጉዳይ በእጃቸው ለያዙት ርኅራኄን ስጣቸው። በየደጁ ለቆሙት ጉዳያቸውን አግራላቸው። በደላችንን በሌላ ሰው ላይ ከማራገፍ ጠብቀን። ከተዘጋብን በር ይልቅ እኛ የምንዘጋው በር እንዲያስጨንቀን አድርገን። ኣሚን።

ሱረቱል ካህፍን መቅራት አትርሱ፣ በረሱላችን ላይ ሰለዋት አብዙ። በዚህ ሳምንት የጮኻችሁበት ሰው ካለም ከመግሪብ በፊት ደውሉለት።